የጭጭ መንታ ካሜራዎች

ጭጭ የሚለውን ስም ያወጡለት የፎቶ ቤቱ ባለቤት እትዬ ናቸው። ለሥራ የመጣ ቀን ስለ ልምዱ ቢጠይቁት፣ ስለ ቤተሰቡ ቢጠይቁት፣ ራሱን ከመነቅነቅ በቀር መልስ አጡበት። «ይሄ ልጅ ቁርሱ ጭጭ፣ ምሳው ጭጭ ነው እንዴ?» አሉ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ደንበኛውም ጎረቤቱም ጭጭ እያለ ይጠራዋል። እሱም አቤት ይላል። ከአቤት በላይ ግን ብዙ አይጨምርም።

ፎቶ ቤቱን የከፈቱት የእትዬ ባል ነበሩ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ካሜራውን የሚይዘው ጭጭ ሲሆን ደንበኛ የሚያነጋግሩት፣ የሚቆጡትና የሚያባብሉት እትዬ ናቸው። የዘወትር ሥራቸው የመታወቂያ ፎቶ ነው። ጭጭ ከጠዋት እስከ ማታ ግንባር፣ ጆሮና አገጭ ሲያነሣ ይውላል። ሠርግ ሲገኝ ብቻ ነው ከዚያች ነጭ መጋረጃ ፊት ተነሥቶ ወደ ሰው መሀል የሚወጣው። ሠርግ ደግሞ በየሳምንቱ አይገኝም።

ሟቹ ከተዉት ዕቃ መሀል ሽፋኑ የተገነጠለ የፎቶግራፍ መጽሐፍ ነበር። ጭጭ ስለ ኢንፍራሬድ ያነበበው እዚያ ውስጥ ነው። ከቀይ ቀለም ወዲያ የሰው ዓይን የማያየው ብርሃን አለ። በዚያ ብርሃን ሲነሣ ዛፉ ጥጥ የለበሰ ይመስላል፤ የጠራ ሰማይ እንደ ከሰል ይጠቁራል። ካሜራ ደግሞ ይህን ብርሃን ማየት አያቅተውም። እንዳያይ የሚጋርደው ውስጡ ምስሉን ከሚቀበለው ሴንሰር ፊት ያለች የቴምብር ታህል መስታወት ናት። እሷን አውጥቶ በምትኳ ልሙጥ መስታወት የተካ ሰው ያልታየውን ያያል። ግን ያ ካሜራ ከዚያ በኋላ ለሰው ፎቶ አይሆንም፤ ፊቱን ያቀላል፣ ጥቁሩን ልብስ ወይን ጠጅ ያደርጋል።

እናም ጭጭ ሌላ ካሜራ አስፈለገው። ያገለገለ፣ ርካሽ፣ ቢበላሽም የማያስለቅስ።

ባገኘው ትርፍ ሰዓት አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት ገበያ መመላለስ ጀመረ። ኪሱ ውስጥ የቴሌቪዥን ሪሞት ይይዛል። የሪሞት ጫፍ የምትረጨው ብርሃን ራሱ ኢንፍራሬድ ነውና፣ ወደ ሌንሱ ደግኖ እየተጫነ ፎቶ ሲያነሣ፣ የካሜራው መስታወት ምን ያህል እንደሚጋርድ ይገባዋል። ይህን ለነጋዴዎቹ ማስረዳት ግን የጭጭ ተፈጥሮ አልነበረም።

«ወንድሜ፣ ቻናል መቀየር ከፈለግህ ቴሌቪዥን ወዲያ ማዶ ነው» አለው አንዱ።

«ተወው ባክህ» አለ ሌላው ከጎኑ። «ይልቅ ወደዚህ ደግንና የዚህን ሰውዬ ድምፅ ቀንስልኝ። ጆሮዬን በላው እኮ!»

ጭጭ ፈገግ ብሎ ያልፋል። አንድ ቀን ግን፣ ከውጭ ሥራ የፎቶ ቤቱን ካሜራ በቦርሳ ይዞ ሲመለስ፣ ከተደረደሩት ሬዲዮኖችና ብረት ምጣዶች መሀል የዚያኑ ካሜራ መንታ አየ። አንድ ዓይነት ሥሪት፣ አንድ ዓይነት ጥቁር፣ አቧራ ብቻ የለበሰ። ከቦርሳው ባትሪና ሌንስ አውጥቶ ገጠመለት። ያነሣል። ፍላሹ ግን አይበራም።

«ይሄ ታሟል» አለ ጭጭ።

«ሪሞት ይዞ ገበያ የሚዞር ሰው ነው ሌላውን ታሟል የሚለው?» አለ ነጋዴው። «ፍላሹ ባይሠራ ነው እንጂ ሠርቶ ቢሆን በዚህ ዋጋ እሰጥህ ነበር?»

ለጭጭ ፍላሹ ምኑም አልነበረም። ዛፍ በፍላሽ አይነሣም። ባትሪው፣ ቻርጀሩ፣ ሌንሱ ሁሉ ከቤቱ ካሜራ ጋር አንድ መሆኑ ነው ልቡን ያሞቀው። ገዛው። ቦርሳው ሁለቱን አልይዝ ቢለው የቤቱን ካሜራ ማንገቻ ፈታና በአዲሱ ላይ አስሮ፣ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎት ወደ ቤት ገሰገሰ። ማታውን በአልኮልና በጥጥ እያሸ አቧራውን አንድ በአንድ አራገፈለት። ሲጨርስ ከመንታው ማን ይለየዋል! ሁለቱን ከፎቶ ቤቱ በላይ ባለችው ክፍሉ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። ማንገቻውን መመለስ ግን ረሳ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ጭጭ ቸኩሎ አያውቅም ነበር፤ የቸኮለው በዚያች እሑድ ብቻ ነው። በማግስቱ ሠርግ አለ፤ እሑዱ ግን ሙሉውን የእሱ ነው። ከመደርደሪያው ማንገቻ የሌለውን አነሣ። ማንገቻ ያለው የቤቱ፣ የሌለው የእኔ፤ ይኸው ነው ያሰበው። ባትሪውን አወጣ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ዘረጋ፣ ሩዝ የሚያህሉትን ብሎኖች እየፈታ በየተራቸው ፕላስተር ላይ ለጠፈ። ብሎኖቹ እንደ ቅቤ ነው የተፈቱለት። ከዚህ በፊት አዋቂ እጅ የከፈተው ካሜራ ይመስላል። ጭጭም «ዕድለኛ ነኝ» አለ ለራሱ።

መስታወቷ ጋ ሲደርስ በስለት ጠርዟን ፈለቀቃት። ጥቅ! ማዕዘኗ ተሸረፈ፤ ስንጥቁም እስከ መሀሏ ሮጠ። አልደነገጠም። ያቺ መስታወት ዱሮውንም ለቆሻሻ የታጨች ናት። አንሥቶ ከጠረጴዛው ጥግ ጣላት።

ይኸኔ ነው እትዬ በሩን ያንኳኩት።

እትዬ በሠርግ ዋዜማ አንድ ልማድ አላቸው። ባላቸው ያደርጉ እንደነበረው ካሜራውን ራሳቸው አንሥተው፣ አንዴ ወደ ግድግዳው በፍላሽ ካልተኮሱ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ገቡና በጠረጴዛው ላይ የተዘረገፈውን አንድ ጊዜ ገረመም አድርገው፣ «ጀመርከው አይደል ያንን አሮጌህን» አሉ። ከዚያ ማንገቻ ያለውን ካሜራ ከመደርደሪያው አወረዱ፤ መለዋወጫ ባትሪ ከተቱበት፤ ወደ ግድግዳው ደገኑ።

ቀጭ አለ። ብርሃን የለም።

ደገሙት። ቀጭ።

«አንተ ጭጭ፣ ፍላሹ እምቢ አለኝ እኮ።»

ጭጭ እጁ አየር ላይ ቀረ። በእትዬ እጅ ያለውን ካሜራ አየ፤ ከፊቱ የተበተነውን አየ፤ ማንገቻውን አየ። በገበያው መሀል ማንገቻውን ሲፈታ፣ ሲያስር፣ ሁሉም በአንድ አፍታ መጣበት። እንደ ቅቤ የተፈቱትን ብሎኖች ለካ ከዚህ በፊት የፈቷቸው የእትዬ ባል ነበሩ።

«የፈታሁት የኛን ነው» አለ።

እትዬ ቀስ ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ይህን ሁሉ ዓመት ጭጭ ብለህ ከርመህ የምታወጣት ቃል ይቺ ናት?»

«እትዬ…»

«ይገጠማል?»

«መስታወቷ ተሰበረች። ያለ እሷ ቀለሙ ልክ አይመጣም። ሙሽራው በጥቁር ልብስ ገብቶ በወይን ጠጅ ይወጣል።»

«በዚህኛው አንሣ እንግዲህ።»

«አዳራሹ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። ያለ ፍላሽ ጨለማ ነው የማነሣው። ከማዶው ፎቶ ቤት እንዋስ ይሆን?»

«ከዚያ ሰውዬ?» እትዬ ከተቀመጡበት ተነሡ። «ሠርጉን በእርሳስ ሥዬ ባስረክብ ይሻለኛል!» ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «እኔ አንተን አይደለም የምቆጣው። ለሙሽራይቱ እናት ቃሌን ሰጥቻለሁ። የሷንም ሠርግ ያነሣው እኮ ሟቹ ነው። አሁን ምን ልበላት?»

ቁጣ ቢሆን ጭጭ ይችለው ነበር። የተሰበረችውን መስታወት ብድግ አድርጎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዛት። ሰማያዊ ጥላ አለባት። ይህች ጥላ ያላት ሌላ መስታወት ከየት ትገኛለች? ዓይኑ ወደ አልጋው ዞረ። እትዬ ያስቀመጡት ካሜራ፣ ማንገቻውን እንደ ለበሰ፣ እዚያው ተጋድሟል።

«እትዬ፣ እነዚህ እኮ መንታ ናቸው።»

«መንታነታቸው አይደል ጉድ የሠራን!»

«መስታወቷም መንታ ናት። የዚያኛውን አውጥቼ እዚህ አስገባታለሁ። ከዚያኛው ማውጣቴ እንደሆነ ዱሮም አልቀረም፤ የገዛሁት ለዚሁ ነው።»

እትዬ አንዴ ካሜራውን፣ አንዴ እሱን አዩ። «ሳይደግስ አይጣላም አሉ» አሉና ነጠላ ጫማቸውን አወለቁ። «ብትሰብራትስ?»

«ከሰበርኳት ሁለቱም አበቃላቸው።»

«እንግዲያው አትስበራት» አሉ፤ ሌላ የሚባል ነገር አልነበረምና።

በዚህ ጊዜ ጭጭ ስለቱን ወዲያ አለው። እትዬ ወርደው ደንበኞች ፎቶ ከመነሣታቸው በፊት ፀጉራቸውን የሚያስተካክሉበትን የፀጉር ማድረቂያ አመጡ። ሁለተኛውን ካሜራ ፈታ። የዚህኛው ብሎኖች የዋዛ አልነበሩም፤ አንዱ ጭራሽ ዝጎ ነበር፤ ትንፋሹን ውጦ አባብሎ አወጣው። መስታወቷን የያዘው ማጣበቂያ እንዲላላ ሙቅ አየር ከሩቅ ነፋባት። እትዬ የእጅ ባትሪ ያበሩለታል። ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል።

«እጅዎን ያዝ ያድርጉት፣ እትዬ።»

«እጄ አይደለም። ያንተ ልብ ነው ጠረጴዛውን የሚነቀንቀው።»

በፕላስቲክ ቁራጭ ጠርዟን ነካ አደረገ። እምቢ አለች። እንደገና አሞቃት፣ ጠበቀ፣ ነካ አደረጋት። በዚህኛው ጠርዝ ላላች፤ ከዚያ በዚያኛው። በመጨረሻ መስታወቷ ከነሙሉ ማዕዘኗ በመቆንጠጫው ጫፍ ላይ ተንጠለጠለች። ጭጭ በጎማ መንፊያ አቧራውን ነፍቶ በቤቱ ካሜራ ውስጥ አስቀመጣት፤ እንደ ቁልፍ ቁጭ አለች። ብሎኖቹን በየተራቸው መለሰ፤ አንድም አልተረፈ፣ አንድም አልጎደለ።

ባትሪውን ከተተ። ሪሞቱን ወደ ሌንሱ ደግኖ አነሣ፤ ፎቶው ላይ የሪሞቱ ጫፍ ጭልም ብላለች፤ መስታወቷ ሥራዋን እየሠራች ነው። የጋዜጣ ገጽ ግድግዳ ላይ ሰክቶ አነሣ፤ ፊደሉ አንድ በአንድ ይነበባል። የቀረው ቀለሙ ነበር። እትዬ ቀይ የአንገት ልብሳቸውን፣ አረንጓዴ ፎጣውንና ጥቁር ቦርሳቸውን ታቅፈው ግድግዳው ሥር ቆሙ።

«እንደ ሱቅ መስኮት አስመሰልከኝ እኮ» አሉ።

ፍላሹ ቦግ አለ። ጭጭ ወደ ስክሪኑ አቀረቀረ። ቀዩ ቀይ ነው። አረንጓዴው አረንጓዴ ነው። ጥቁሩ ቦርሳ እንደ ጥቁርነቱ ነው። ካሜራውን አልጋው ላይ በሁለት እጁ አስቀምጦ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። እትዬ አንገታቸውን አስግገው ስክሪኑን አዩ።

«አርጅቻለሁ» አሉ።

«ቀለሙ ትክክል ነው፣ እትዬ።»

«እሱን ነው የምልህ፣ ትክክል ነው።» ሳቃቸው ፈነዳ፤ እስኪያስነባቸው ሳቁ። ጭጭም ወለሉ ላይ እንደ ተቀመጠ ሳቀ፤ እትዬ ድምፁን አውጥቶ ሲስቅ ሰምተውት አያውቁም ነበር።

በማግስቱ አዳራሹ እንደ ፈሩት ጨለማ ነበር። ጭጭ የመጀመሪያዋን ፎቶ ሲያነሣ ትንፋሹን ይዞ ነው፤ ፍላሹ ቦግ ሲል ለቀቀው። ሙሽራው በጥቁር ልብሱ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሥራው ሥራ ሆነ፤ ዘመድ ያሰልፋል፣ ሕፃን ያስቀድማል፣ ረጅሙን ወደ ኋላ ይልካል። እትዬ ከሙሽራይቱ እናት አጠገብ ተቀምጠው ፍላሹ ቦግ ባለ ቁጥር ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጉ ነበር። የሙሽራይቱ እናት በመጨረሻ፣ «ምን ሆነሻል፣ እንቅልፍ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ደስ ብሎኝ ነው» አሉ እትዬ። ውሸት አልነበረበትም።

ሲመለሱ መንገዱ ዳገት ነበር። እትዬ ቆም አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «ስጠኝ፣ ዛሬ እኔ ልያዘው።» ጭጭ ካሜራውን ከነቦርሳው ሰጣቸው። ጡት እንደሚጠባ ልጅ ደረታቸው ላይ ታቅፈውት ከፊት ከፊት ሄዱ። እሱ ባዶ እጁን ተከተላቸው፤ እጁ ስለ ቀለለው የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት ኪሱ ከተተው።

ክፍሉ ሲደርስ ያ የገበያው ካሜራ ሆዱ እንደ ተከፈተ ጠረጴዛው ላይ ጠበቀው። ልሙጧ መስታወት ገና አልገባችለትም። ጭጭ አቧራ እንዳይገባበት ነጩን ጨርቅ ጣል አደረገበትና ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተዘረረ። ዛፎቹ የትም አይሄዱም።