ከመረቡ ጀርባ ያለው ሰውዬ

ዮአብ ጎል ጠባቂ ከሆነ ወዲህ እንደዛሬ ከፊቱ ይልቅ ጀርባውን የፈራበት ቀን የለም። ስደተኞቹ እሁድ እሁድ በሚጫወቱበት የዋይንላንድ ፓርክ ሜዳ፣ ከመረቡ ኋላ፣ አንድ የማያውቁት ፈረንጅ ሽማግሌ ሁለት ታጣፊ ወንበር ዘርግቶ አንዱ ላይ ተቀምጧል። ጃኬቱ ከአንገት እስከ ወገብ የኳስ ክለቦች ባጅ ተሰክቶበታል። ጨዋታው ሳይጀመር የጎሉን ብረት በመዳፉ ዳበስ አደረገው፤ መረቡን፣ የማዕዘኑን ባንዲራ፣ የውሃ ቧንቧውን ሳይቀር ፎቶ አነሳ። ተጫዋቾቹን ግን ዞር ብሎም አላያቸው።

"የኢሚግሬሽን ሰው እንዳይሆን" አለው ተከላካዩ ሩፋኤል፣ ጠጋ ብሎ። "የኛን የእሁድ ኳስ ማን ሊያይ ይመጣል?"

የዮአብ የጥገኝነት ኬዝ ገና ፔንዲንግ ነው፤ ውሳኔ አላገኘም።

ዮአብ ዞር ብሎ ሲያየው ሰውዬው በእንግሊዝኛ፣ "አዲስ ሜዳ እየዞርን እናያለን" አለው። "ጎል ካልገባ ግን ሜዳው እንዳየነው አይቆጠርልንም።"

'እናያለን' የሚለው ከማን ጋር ነው? ዮአብ ፓርኪንጉን በዓይኑ ቃኘ። ሁለተኛው ሰው ከየትኛው መኪና ይሆን የሚወርደው?

ጎል ካየ ይሄድልኛል ብሎ አሰበ። ጨዋታው ያለ ጎል ሊያልቅ ሲል ቀላል ኳስ መጣች፤ እጁን ዘግየት አድርጎ አሳለፋት።

"ምን ነካህ አንተ!" ብሎ ሩፋኤል ጮኸበት።

ከኋላው ጭብጨባ የለም። ኳሷን ሊያወጣ ሲያጎነብስ፣ ሽማግሌው ወደ ባዶው ወንበር ዘንበል ብሎ በለሆሳስ ሲናገር ሰማው፦

"አየሽ አይደል? ሆን ብሎ ነው የለቀቃት። ይቺ አትቆጠርልንም።"