የጋሽ ሜትር ወላጅነት

ማን ያውራ የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። እኔ ነበርኩ። ፎቶ ኮፒ ቤቴን ከጋሽ ሜትር ልብስ ስፌት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው፤ እሱም ቺፑድ ስለሆነ እሳቸው ሲያስነጥሱ «ይማርዎ» የምላቸው እኔ ነኝ። ሁለታችንንም የሚያኖረን ፊት ለፊታችን ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። እሳቸው ዩኒፎርም ይሰፋሉ፣ ያሳጥራሉ፣ ያስረዝማሉ፤ እኔ ፈተናና ማስታወቂያ አባዛለሁ። ሜትር የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተማሪዎቹ ናቸው፤ መለኪያው ከአንገታቸው ወርዶ አያውቅም። አንድ ቀን እንዲያውም ሐኪም ቤት ይዘውት ሄደው፣ ነርሷ የራሷን ወገብ ልክ አስወስዳ ነው የላከቻቸው።

ሚስታቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅ አልወለዱም። ስለዚህ ጉዳይ አያወሩም ነበር። ግን የሰው ልጅ ሲለኩ «ካምና አራት ጣት ጨምረሃል» ይሉታል፤ የሰፈሩን ልጆች ቁመት ከእናቶቻቸው የበለጠ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ።

ነገሩ የተጀመረው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። ድምጿ የማይሰማ፣ ሁላችንም ጭምቷ የምንላት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሦስት ቀን አርፍዳ «ወላጅ ይዘሽ ነይ» ተባለች። እናትና አባቷ በሕይወት የሉም፤ የምትኖረው አክስቷ ጋ ነው፤ የምታረፍደውም የአክስቷን ሕፃን አጥባና አብልታ ስለምትወጣ ነው። አክስትየዋ ደግሞ «ያመጣሁሽ እንድታግዢኝ ነው እንጂ በየትምህርት ቤቱ እንድታንከራትቺኝ አይደለም» አለቻት። ልጅቷ የጋሽ ሜትር በር ላይ ቆመች፣ ጫማዋን እያየች።

«አባባ፣ ለዛሬ ብቻ አጎቴ ይሁኑልኝ» አለች።

እኔ በግድግዳው ሰምቼ ሳቄ መጣ። እሳቸው አልሳቁም። እጅጌውን አሳጥሩልኝ ብሎ ትቶት የጠፋ ደንበኛ ኮት ነበራቸው፤ እሱን አጥልቀው አስፋልቱን ተሻገሩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። «ኃላፊነት እወስዳለሁ ብዬ ፈረምኩ» አሉኝ፤ ሹመት የተሰጠው ሰው ነበር የሚመስሉት።

ለዛሬ ብቻ የተባለ ነገር ለዛሬ ብቻ ሆኖ ሲቀር አላየሁም። ስማቸው አንዴ አሳዳጊ ተብሎ ከሰፈረ በኋላ ለካርድ ይጠራሉ፣ ለስብሰባ ይጠራሉ። እሳቸውም ይሄዳሉ። ሌላው ወላጅ ሲያረፍድ ጋሽ ሜትር ወንበር ሳይደረደር ይደርሳሉ። ጭምቷ ከክፍል ስትወጣ ከስፌት መኪናው አጠገብ ባለች ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ታጠናለች፤ እሳቸው እንዳትረበሽባቸው ፔዳሉን ቀስ እያሉ ይረግጣሉ። ውጤቷ ሲያምር ካርዷን ለደንበኛው ሁሉ ያሳያሉ፤ ሱሪ ሊያስጠግን የመጣ ሰው የሒሳብ ማርኳን ሳይሰማ አይወጣም። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ይህን መካድ ኃጢአት ነው።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ማለት ለእሳቸው ነው። በሦስተኛው ዓመት ወላጆች ተሰብስበው በትምህርት ቤቱ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ውስጥ የሚወክላቸውን ሰው ሲመርጡ «ከእሳቸው የተሻለ ወላጅ ከየት ይመጣል?» ተባለ፣ ተጨበጨበ። ጋሽ ሜትር የወላጆች ተወካይ ሆነው አረፉት። ያን ቀን ሆዴን ይዤ ነው የሳቅኩት።

«ጋሼ፣ በሚመጣው ዓመት ደግሞ እናት ያደርጉዎታል» አልኳቸው።

«ዝም በይ አንቺ ልጅ። ግድግዳ ጆሮ አለው።»

ጆሮው እኔው ነበርኩ።

ብዙም ሳይቆይ ትምህርት ቤቱ የኪራይ ወላጅ በዛበት። አንዱ የታክሲ ረዳት ታላቅ ወንድሜ ነው ብሎ ያመጣል፣ ሌላዋ ሎተሪ አዟሪውን አባት ታደርጋለች። ርዕሰ መምህሩ ተቆጥተው አዲስ አንቀጽ አመጡ፦ ሐሰተኛ ወላጅ ያቀረበ ተማሪ ኮሚቴው እንዳየው ከማስጠንቀቂያ እስከ አንድ ዓመት እገዳ ይቀጣል፤ ጥፋቱ የቆየ ቢሆን እንኳ በታወቀ ቀን ይጠየቅበታል። ስምንት መቶ ቅጂ ያባዛሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ትኩስ ትኩሱን ከማሽኑ ሲወጣ እያነበብኩ ዓይኔ ወደ ግድግዳው ሄደ። ጋሽ ሜትር አንቀጹ ሲጸድቅ እንደማንኛውም ሰው እጃቸውን አንስተዋል። «ባላነሳ ለምን ይሉኝ የለ?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲያ ግን እጅ ከወርች ታሰሩ። ከኮሚቴው ልውጣ ቢሉ «ልጅዎ እዚሁ እየተማረች ምን ሆነው ነው?» ይባላሉ። ልቆይ ቢሉ በየስብሰባው ስለ ሐሰተኛ ወላጅ ነው የሚወራው። ሰው በራቸው ላይ በቆመ ቁጥር ይደነግጣሉ። አንድ ሸሚዝ ላይ እጅጌ ገልብጠው ሰፍተው ባለቤቱ ሲቆጣ፣ ይቅርታ ከመጠየቅ ይልቅ «ማን ላከህ?» አሉት።

«ትመረቅልኝና ሁሉም ያበቃል» ይሉኝ ነበር። ከልጅቷ ጋር አብረው የእስር ጊዜ የሚቆጥሩ ይመስል ስንት ወር እንደቀራት ያውቃሉ።

ዘንድሮ ጭምቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረሰች። የመጨረሻው ፈተና ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ከሌላ ከተማ ገና መምጣቱ የሆነ፣ ረጅሙ የሚሉት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ተያዘ። ክፍል ውስጥ ስልክ ሲነካካ ተገኝቶ ወላጅ አምጣ ሲባል፣ ፌርማታ ላይ ካልሲ የምትሸጥ ሴትዮ «እናቴ ናት» ብሎ ይዞ መጣ። እናቱ እዚያው የመጣበት ከተማ የሰው ቤት ሠራተኛ ናት፤ አሠሪዎቿ ለትምህርት ቤት ቀርቶ ለመታመምም አይፈቅዱላትም። ካልሲ ሻጯ ደግሞ ባለፈው ወር የሌላ ልጅ እናት ሆና ስለፈረመች የበሩ ጥበቃ ለያት። «ለመሆኑ ስንት ልጅ አለሽ?» ሲላት «እንደ ትምህርት ቤቱ ፍላጎት ነው» አለችው አሉ።

ኮሚቴው ተቀመጠ። አምስት ናቸው፦ ርዕሰ መምህሩ፣ ሁለት መምህራን፣ ጋሽ ሜትርና የተማሪውን ሥነ ሥርዓት የምትቆጣጠረው ዩኒት ሊደር። እሷ ስታልፍ ኮሪደሩ ጭር ይላል፤ ለአንድም ልጅ ስትራራ ታይታ አትታወቅም። ረጅሙ ቃሉን በጽሑፍ ሰጥቶ ስለነበር እዚያ አልቀረበም። የሆነውን በማግሥቱ ጠዋት ጋሽ ሜትር ራሳቸው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ገብተው ነገሩኝ።

ርዕሰ መምህሩ ድምፅ ከማሰጠታቸው በፊት «ለሐሰተኛ ወላጅ የሚያዝን ሰው ካለ የራሱንም ወላጅነት እጠረጥራለሁ» ብለው ቀለዱ። ሁሉም ሳቁ። ጋሽ ሜትርም ሳቁ። ከዚያ «ማስጠንቀቂያ ይበቃዋል የሚል?» ሲባል መጀመሪያ እጇን ያነሳችው፣ ማን ያምናል፣ ዩኒት ሊደሯ ናት። የስፖርት መምህሩ ተከተላት። እጇን እንዳነሳች ጋሽ ሜትርን ትክ ብላ አየቻቸው።

«ልታወጣጣኝ ነው አልኩ» አሉኝ። «እሷ ለማን አዝና ታውቃለች? እጄን ካነሳሁ ያዝኩህ ልትለኝ ነው ብዬ ሁለቱንም እጄን ጉልበቴ መሐል ቀበርኩ።»

«ከዚያስ?»

«አንድ ዓመት ይታገድ የሚል ሲባል ርዕሰ መምህሩና የሒሳቡ መምህር አነሱ። ሁለት ለሁለት ሆነ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።»

አልጨረሱትም። እኔ ነኝ የጨረስኩላቸው፤ አፌ ዳገት አይፈራም። «እርስዎ ለአንዷ ያደረጉትን እሱ በካልሲ ሻጭ ቢያስደርግ እጅዎን አንስተው ዓመቱን ነጠቁት?» አልኳቸው። ተናድጄ ነበር፤ አሁንም አልበረደልኝም። «ልጄስ?» ብቻ አሉኝ።

ይህን እያወራን ዩኒት ሊደሯ ገባች። የእገዳውን ደብዳቤ ሰጥታኝ «ሦስት ኮፒ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ጋሽ ሜትር ዞረች።

«ትናንት ለምን አልተከተሉኝም?»

«ምኑን?»

«እጄን ያነሳሁት እኮ እርስዎን ብዬ ነው። ሁለት ሰው ከቀደመዎት ሦስተኛ ለመሆን አይፈሩም ብዬ።»

«እኔ ምን ያስፈራኛል?» አሉ ጋሽ ሜትር።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያው ቀን የአባቷን ስም ስጠይቅዎ ልጅቷን አዩ። የገዛ ወንድሙን ስም ከልጅ የሚጠይቅ አጎት እስካሁን አላጋጠመኝም። አምስት ዓመት ሙሉ አውቃለሁ።»

ማሽኑን መጫን ረሳሁ።

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?» አሏት ጋሽ ሜትር።

«የሚመጣላት ሰው እርስዎ ብቻ ነበሩ። እንደ እርስዎ የሚመጣ ወላጅስ ስንት አለኝ?»

ጋሽ ሜትር ተነሱ። መለኪያውን ከአንገታቸው አወረዱት፣ የሚያደርጉበት ጠፍቷቸው መልሰው አጠለቁት። «አሁኑኑ ሄጄ ልናገር» አሉ።

«ምን ብለው? ጭምቷ ዛሬውኑ ትታገዳለች፣ ፈተናው ያመልጣታል። እኔ አውቃ ደበቀች ተብዬ እባረራለሁ። ለረጅሙም የሚተርፈው ነገር የለም፤ ርዕሰ መምህሩ በዚህ ተናደው እሱን የሚምሩት ይመስልዎታል? ትናንት አንድ እጅ ይበቃ ነበር።» ጣቷን ደብዳቤው ግርጌ ላይ፣ የወላጆች ተወካይ ከሚለው ጎን አሳረፈች። «ዛሬ ይፈርሙ፣ ጋሼ። ደብዳቤው እየተጠበቀ ነው።»

ኮፒዎቹን አወጣሁ። በዋናውም በሦስቱም ላይ ፈረሙ። እስክሪብቶውን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ በእሳቸው ስፈርድ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው።

በሳምንቱ ረጅሙ በፌስታል ሹራብ ይዞ መጣ። እኔ ክር ልዋስ ገብቼ እዚያው ነበርኩ። ጋሽ ሜትርን ሰላም ብሎ ሹራቡን ስፌት መኪናው ላይ ዘረጋ፤ በዩኒፎርም ሰፊነታቸው እንጂ በሌላ አያውቃቸውም።

«አባባ፣ የትምህርት ቤቱን አርማ ያንሱልኝ። ለሥራ ልለብሰው ነው።»

«የምን ሥራ?»

«እናቴ ያለችበት ከተማ መኪና እጥበት አግኝታልኛለች። ዓመት ሙሉ ቁጭ ብለህ አትጠብቅም አለች።»

«ከዓመት በኋላ ግን ትመለሳለህ» አሉ ጋሽ ሜትር። ልጁ ትከሻውን ነቀነቀ። እሳቸው ምላጭ አንስተው በገዛ እጃቸው የሰፉትን ክር አንድ በአንድ መበጠስ ጀመሩ። ጭምቷ ጥጓ ላይ ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ ታጠናለች።

«ኮሚቴው ውስጥ ሁለት ሰው አዝኖልኝ ነበር አሉኝ» አለ ልጁ። «አንደኛው የወላጆች ተወካዩ ነው የሚሆነው።»

«እንዴት አወቅህ?»

«ወላጅ አይደል? መቼም እሱ አይጨክንም። ሳላመሰግነው መሄዴ ነው የቆጨኝ። እርስዎ ካገኙት ይንገሩልኝ።»

ጋሽ ሜትር ከሹራቡ ቀና አላሉም።

«እሺ ልጄ» አሉት። «እነግረዋለሁ።»