ሁለት ቀበሌ ያስጠበቀች አንዲት ስልክ

ቅዳሜ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አርባ ምንጭ መናኸሪያ ስደርስ የባለቤቴ የአልማዝ ድምፅ ገና ከጆሮዬ አልወጣም ነበር። «ሂድ! የአገሩን ወሬ ለቃቅመህ ስትጨርስ የቤትህን ትሰማለህ!» እውነቷን ነው። ስምንት ዓመት ለሞላት ልጃችን ለሶስና በዚያን ዕለት ጫሞ ላይ በጀልባ ላንሸራሽራት ቃል ገብቼ ነበር፤ ያውም ለሦስተኛ ጊዜ። ግን ካምባ ወረዳ ውስጥ በግጦሽ መሬት የተጣሉ ሁለት ቀበሌዎች ሊታረቁ ነው ሲባል የሬዲዮ ጋዜጠኛ ልብ መች ቤት ይቀመጣል! ስወጣ ሶስና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረችብኝ።

ሼሌ ላይ መንገዱ ግራና ቀኙ ሙዝ ብቻ ነው። በሚኒባሱ መስኮት የሃምሳ ብር ሙዝ ገዛሁ፤ ሻጯ ሦስት ፍሬ መረቀችልኝ። በስተግራ ጫሞ አብሮን ይጓዛል፤ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች ውሃው ላይ ተበትነዋል። ጀልባ ባየሁ ቁጥር ሶስና ፊቴ ድቅን ስትልብኝ ዓይኔን ወደ ተራራው አዞርኩ።

ከዚያ በገረሴ በኩል ሽቅብ ነው። ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ ቆላው ከእግራችን ሥር ቀረ፤ እንሰቱ፣ ቀርከሃው፣ እስከ ተራራው ጫፍ በድንጋይ የተካበው እርከን መጣ። ያንን ሁሉ ድንጋይ ሰው በእጁ ነው የደረደረው። ወይ ጉድ! አርባ ምንጭ ተወልጄ አድጌ፣ ይሄ ሁሉ ደጄ ላይ ሆኖ ሳላየው ኖሬያለሁ።

ካምባ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት

የአልማዝ አጎት አባባ ሻንካ ከአስታራቂ ሽማግሌዎቹ አንዱ ናቸው። ቆጮ በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የበርበሬ ማባያ፣ አቀረቡልኝ።

«አማቻችን፣ ልጄ ደህና ናት?»

«ደህና ናት» አልኩ፣ ቆጮውን እያየሁ።

ግማሽ ሰዓት በእግር ሄደን ዱቡሻ ደረስን፤ ሕዝብ የሚመክርበት፣ የሚታረቅበት መስክ ነው። ሁለቱ ቀበሌዎች ትይዩ ተቀምጠዋል። የአንዱ አጥር ተቃጥሏል፣ የሌላው ከብት ተነድቷል፤ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። ሽማግሌዎቹ የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘዋል። እኔም መቅረጸ ድምፄን የያዘውን ቦርሳ አንጠልጥዬ መሀል ገባሁ።

አባባ ሻንካ በጋሞኛ ተናገሩና ወደ እኔ ዞሩ። «ነገር ሳይጀመር ልማድ አለን። ከቤቱ ተጣልቶ የወጣ ሰው ይናገራል። ደብቆ ከተቀመጠ ጎሜ የምንለው ነውር ነው፤ ጥፋቱ የሁሉንም እርቅ ያበላሻል።»

አንድ ጎልማሳ ተነስቶ ከወንድሙ ጋር መኳረፉን ተናገረ፤ ወንድሙ ከመካከል ወጥቶ አቀፈው። አንዲት አሮጊት ከምራታቸው ጋር እዚያው ተሳሳሙ። ከዚያ ዓይኑ ሁሉ እኔ ላይ አረፈ።

«እኔ… ጋዜጠኛ ነኝ። ለሥራ ነው የመጣሁት።»

«ጋዜጠኛ ቤት የለውም እንዴ?» አሉ አባባ ሻንካ።

ሕዝቡ ሳቀ። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ላቤ ጠብ እያለ «ከአልማዝና ከልጄ ተጣልቼ ነው የወጣሁት» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። «ሂድ፣ ታረቅና ና። እንጠብቃለን» አሉ አባባ ሻንካ።

ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ

ቦርሳዬን ከነመቅረጸ ድምፁ ጥዬ፣ ስልኬን ብቻ ይዤ ሽቅብ ሮጬ ቤት ደወልኩ።

«ጨረስክ?» አለች አልማዝ።

«አልጀመሩም። እኔን እየጠበቁኝ ነው።»

የካምባ ልጅ ናትና ገባት። «ዱቡሻ ላይ ተናገርክ? አንተ? በሰው ፊት?»

«ተናገርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ።»

«እኔስ ይቅር ብያለሁ። እሷን ጠይቃት» ብላ የሆነውን ለሶስና ነግራ ስልኩን ሰጠቻት።

«ስንት ሰው ነው የሚጠብቅህ?»

«ሁለት ቀበሌ።»

«በኔ ምክንያት?»

«በኔ ጥፋት፣ የኔ እናት። ነገ ጫሞ እንሄዳለን።»

«እሺ። በቃ ቶሎ ውረድ፣ ፀሐይ ይመታቸዋል።»

ቁልቁል ሳይ አንድም ሰው ከቦታው አልተነሳም። አጥሩ የተቃጠለበትም፣ ከብቱ የተነዳበትም የእኔን የቤት ኩርፊያ ቁጭ ብሎ እየጠበቀ ነው። እንባዬ መጣ። ስንት ዓመት ስለ ሕዝብ ሳወራ ኖሬ፣ ሕዝብ ማለት ምን እንደሆነ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ታረቅክ?» አሉኝ አባባ ሻንካ ስወርድ።

«ታረቅኩ።»

«ተመስገን። እንግዲህ እንጀምር።»

ሲመካከሩ ቆዩና ከቀትር በኋላ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ሣራቸውን እንደያዙ ተንበረከኩ። አጥር ያቃጠሉትም፣ ከብት የነዱትም ጥፋታቸውን አምነው ተቃቀፉ። እኔ አፌን ከፍቼ አያለሁ።

መልስ

አባባ ሻንካ ለአልማዝ ብለው ትንሽ እርጥብ ሣር ሰጡኝ። እንዳይደርቅ ከምጠጣው ውሃ እያርከፈከፍኩበት ሼሌ ስንደርስ መቅረጸ ድምፄን ከፈትኩ። ባዶ! ከቦርሳው አላወጣሁትም ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን ፀጉሬን እነጭ ነበር፤ ያን ቀን ግን ሳቄ መጣ።

አመሻሹ ላይ ቤት ስገባ አልማዝ ሣሩን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ለሶስና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት።

እሑድ ጀልባዋ ላይ ሶስና መቅረጸ ድምፄን ከፍታ አፌ ሥር ደቀነችው፤ አልማዝ ከኋላ ትስቃለች።

«ከመጀመራችን በፊት» አለች ኮስተር ብላ፣ «ከቤትህ ተጣልተህ ነው የወጣኸው?»

«አይ፣ ዛሬስ ቤቴን ይዤ ነው የወጣሁት።»

ሰኞ ዕለት አለቃዬ «የእርቁ ድምፅ የታለ?» ሲለኝ ያሰማሁት ይህንኑ ነው።