ያገሳሁበት ጠዋት

እኛ ቆላ ውስጥ የከሳ ሰው ሲታይ «አማረብህ» አይባልም፤ «ምን አገኘህ?» ነው የሚባለው። መክሳት በእኛ አገር ወይ ወባ ነው፣ ወይ የአሸዋ ዝንብ የምታመጣው ካላዛር ነው፣ ወይ ሐዘን ነው። እኔ ደግሞ ከመተማ ዮሐንስ እስከ ሽንፋ ገበያ «ያቺ ወፍራሟ» ከተባለ ማን እንደሆነች የሚጠይቅ አልነበረም። ደስ ይለኝም ነበር፤ ምን አስዋሸኝ! ወፍራም ሴት የደላት ሴት ናት፤ ባሏም በሰው ፊት ቀና ብሎ ይሄዳል።

ጉልበቴ ግን በዚህ ኩራት አልተስማማም። በእኛ ቤት ወግ የሰሊጥ አጨዳ የሚጀመረው በባለቤቲቱ እጅ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ከዳር እስከ ዳር አጭዳ የመጀመሪያውን ነዶ የምታስረው እሷ ናት፤ ሠራተኛው ማጭድ የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ሙሽራ ሆኜ ከገባሁ ጀምሮ ሳደርገው ኖርሁ። በእነዚህ ባለፉት ዓመታት ግን ባሌ መኪናውን ማሳው ዳር ያቆምና በሩን ይከፍትልኛል፤ እኔ ከወንበሬ ሳልወርድ ማጭዱን ለወግ ያህል ነካ አደርገዋለሁ፤ የሚያጭደው እሱ ነው። ማንም ምንም አላለኝም። ያ የተከፈተ በር ግን አንጀቴን ያሳርረው ነበር።

ስለዚህ ጎንደር ያለው ሐኪሜ በሳምንት አንዴ ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ አዝዞ «ስኳርዎም ክብደትዎም አብረው ይወርዳሉ» ሲለኝ፣ እኔ የሰማሁት ሌላ ነው። ዘንድሮ አጭዳለሁ! ሐኪሙ ገና ስለ ምግብ እየነገረኝ ነው። «ትንሽ ትንሽ ይብሉ፣ ቀስ ብለው ያላምጡ፣ ቅባት ይቀንሱ፣ ሳይጠግቡ ያቁሙ» ይላል። እኔ በልቤ ማጭድ እየሳልሁ ነበር።

ሳይጠግቡ ማቆም ማለት ምን ማለት እንደሆነም አልገባኝም። በእኛ ቤት ሳይጠግብ ከማዕድ የሚነሣ የተቀየመ ሰው ብቻ ነው። መርፌውን በተወጋሁ ማግስት እንደ ልማዴ የበግ ጥብስ አስጠብሼ፣ እንደ ልማዴ ጠረግ አድርጌ በላሁ፤ እንደ ልማዴም ጋደም አልሁ። ብዙም አልቆየሁ። ሆዴ የተቀበለውን ሁሉ በባሌ አዲስ ጫማ ላይ መለሰው። እሱ ጫማውን ሳይሆን እኔን እያየ «ይኼ መድኃኒት ነው መርዝ?» አለ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ሆድ መርፌ አወጣው።

ከዚያ በኋላ ያልመጣብኝ የለም። ጠዋት ማቅለሽለሽ፣ ቀጥሎ ድርቀት፣ ድርቀቱ ሲለቅ ተቅማጥ። ከሁሉ የከፋው ግሳቱ ነበር። የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ግሳት፣ ሰው ባለበትም በሌለበትም፣ ሳያስጠነቅቅ ይመጣል። ባሌ ትራሱን ይዞ ወደ በረንዳ ወጣ። እኔን ላለማስቀየም «ሙቀቱ ነው» አለ።

ለሐኪሙ ደወልሁ። ስለ ጥብሱ ስነግረው ሳቁን ሲውጥ ተሰማኝ። «መጠኑን አሁን አንጨምርም፤ ሆድዎ ይልመድ» አለኝ። «እዚያ ሙቀት ውስጥ ውኃ እንዳያንስዎ፤ በአንዴ ሳይሆን ፉት እያሉ ይዋሉ። ማስመለሱ አልቆም ካለ ወይም ሆድዎን አጥብቆ ካመመዎት ግን ስልክ አይደውሉ፤ ይምጡ።»

በዚህ ጊዜ ምክሩን ሰማሁት። ትልቁን ሰሃኔን ሰቅዬ የስኒ ማስቀመጫ በምታህል ሰሃን መብላት ጀመርሁ። ዘይት ያልበዛበት ሽሮ፣ የደረቀ ዳቦ፣ ለድርቀቱ ፓፓያ፣ ለማቅለሽለሹ የዝንጅብል ውኃ። ምሳ በልቶ መተኛት ቀርቶ ግቢውን መዞር ሆነ። መድኃኒቱ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ መብራት በጠፋ ቁጥር እኔ በረዶ የሞላ ዕቃ ይዤ ስሯሯጥ፣ ባሌ «ለእኔ እንዲህ ሮጠሽ ታውቂያለሽ?» ይለኛል።

ደግሞስ እንዴት አልሮጥ! አንድ ቀን መሬት ላይ ተቀምጬ የአምናውን ሰሊጥ ሳበጥር ቆየሁና፣ ምንም ሳልደገፍ ተነሣሁ። ቆሜ ቀረሁ። ባሌን ጮኼ ጠራሁት፤ እሱ ወድቄ መስሎት ሲበር መጣ። ተቀመጥሁና እንደገና ተነሣሁለት። «ድገሚው» አለኝ። ደገምሁት። ሁለታችንም እንደ ልጅ ሳቅን፤ እኔማ ዕንባዬም መጣ። ማቅለሽለሹ እየቀለለ ሄደ፤ ግሳቱና የሆዴ መነፋት ግን አለቀቁኝም።

ከባሌ በቀር ለማንም አልተናገርሁም። ልከሳ ፈልጌ ነው ብል ማን ያምነኛል? በዚህ መሐል ሰሊጡ ደረሰ፤ የአጨዳ ሠራተኞችም ከጎጃምና ከወሎ ገቡ። ኮኪት አጠገብ ያለው ማሳችን ዳር ካምፕ ሠሩ። አለቃቸው ለዓመታት እኛ ጋ የመጣ የጎጃም ሰው ነው። ገና ሲያየኝ ሰላምታው አፉ ላይ ቀረ። ምሳ አብረን ስንቀመጥ ሁለት ጊዜ ጎርሼ ስተው አየኝ። አፌን ይዤ ወደ ግራሩ ጀርባ ስሄድም አየኝ።

አጨዳው በሚጀመርበት ጠዋት ማጭዴን ይዤ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ፣ ልቤ እየዘለለ ደረስሁ። ሠራተኛው ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ቆሟል።

«ምን ሆናችኋል?» አልሁ።

አለቃው መሬት መሬቱን እያየ «እትዬ፣ እግዜር ይማርዎ። እኛ ግን እዚህ ማደር ፈራነ» አለ።

«ከምኑ ነው የሚምረኝ?»

«ፊትዎ ከስቷል፤ ሆድዎ ተነፍቷል፤ እህል አይወርድልዎትም። እኔ ወንድሜን በዚሁ በሽታ ቀብሬያለሁ፤ መልኩን አውቀዋለሁ። ካላዛር ነው። ዝንቧ ካለች እዚሁ ግራር ሥር ናት፤ እኛም የምንተኛ ግራር ሥር ነው።»

ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ወንድሙን ሲያነሣ ግን በረደልኝ። ሰውዬው እውነቱን ነው። ይህች ዝንብ ስንቱን ጎበዝ በልታለች። ከጀርባዬ ደግሞ የዓመት ልፋታችን ቆሟል። ሰሊጥ ከደረሰ ሰው አይጠብቅም፤ አፉን ከፍቶ ፍሬውን መሬት ላይ ያራግፋል። እነዚህ ሰዎች ከሄዱ በዚህ ሰሞን ሌላ ሠራተኛ አናገኝም።

ምን ቀረኝ? ተናገርሁ። «መድኃኒት እየወሰድሁ ነው። ስኳሬንም ክብደቴንም የሚቀንስ፣ እህል የሚያስጠላ መድኃኒት ነው። የከሳሁት ፈልጌ ነው።»

ከዚያ አንዱ የወሎ ሰው ከኋላ «ላለመብላት ይከፈላል እንዴ? እኛን ቢጠይቁን በነጻ እናስተምርዎ ነበር!» አለ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ቆንጠጥ ቢያደርገኝም። አለቃው ግን አልሳቀም።

«ካላዛር የያዘውም አልታመምሁም ይላል፣ እትዬ።»

«ካላዛር የያዘው ሰው አንድ መስመር አጭዶ ይወጣል?»

«ኧረ አይወጣም።»

«እንግዲያው ቁሙና እዩኝ!»

ባሌ ጆሮዬ ሥር «ትናንት እኮ ነው የተወጋሽው» አለኝ። አውቀዋለሁ። ከመርፌ ማግስት የባሰ ቀን የለኝም። ጠዋት የቀመስሁት አንድ ቁራሽ ደረቅ ዳቦና ዝንጅብል ነው። «አንተ ወዲያ ማዶ ሄደህ ጠብቀኝ» አልሁትና ጎንበስ አልሁ።

እጄ አልረሳም! ግራ እጄ ይጨብጣል፣ ቀኜ ይስባል፣ ዋልካው መሬት ከእግሬ ሥር ይሰነጣጠቃል፣ ጉልበቴ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። በደስታ መጮህ አማረኝ። ሠራተኛው ጓዙን እንደ ተሸከመ በጎን በጎኔ ይከተለኛል። ወደ መሐል ስደርስ ፀሐዩ ጨከነ፤ ያ የማውቀው ነገር ከሆዴ ሥር ተነሥቶ ወደ ላይ መምጣት ጀመረ።

ካስመለስሁ አበቃ። አለቃው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም፤ መንገዱን ይጀምራል። ቀና አልሁ። ከወገቤ ያሠርኋትን የውኃ ኮዳ ፈትቼ አንድ ፉት አልሁ፤ በአፍንጫዬ ቀስ ብዬ ተነፈስሁ። እመ ብርሃን፣ ዛሬን ብቻ! ነገርየው ደረቴ ጋ ደረሰ፣ ጉሮሮዬ ጋ ደረሰ፤ አፌን በመዳፌ ልይዝ ስል ቀደመኝ።

ግሳት ነበር። ግን ምን ዓይነት ግሳት! እንኳን አጠገቤ ያሉት፣ ማዶ መኪናው ጋ የቆመው ባሌም ሰምቶታል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

«አገሱ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አለቃው ነው። «እትዬ አገሱ እኮ! ካላዛር የያዘው ያቃስታል እንጂ መቼ ያገሳል? የሚያገሳ የጠገበ ነው!»

«ወይ አንበሳ ነው!» አለ ያ የወሎ ሰው።

ማሳው በሳቅ ተናጋ። የካምፑ ወጥ ሠሪ እልልታዋን አቀለጠችው። አንዱ ጓዙን ጣለ፣ ሌላውም ጣለ። ያ ለሳምንታት ከሰው መሐል ሲያሸሸኝ የኖረ ግሳት በቀን ብርሃን መሰከረልኝ! አለቃው ማጭዱን እያወጣ «ለዝንቧ አጎበር ግን ይግዙልን፣ እትዬ» አለ።

«ዛሬውኑ ይመጣል። እኔም ልባችሁ እንዲያርፍ ጤና ጣቢያ ሄጄ እመረመራለሁ» አልሁት።

ቀሪውን መስመር እንዴት እንደ ጨረስሁት አላውቅም። አንዴ ቆሜ ውኃ ፉት አልሁ፤ ሁለቴ ደግሞ አገሳሁ፤ ባገሳሁ ቁጥር «አንበሲት!» እያሉ ከኋላዬ ያጭዳሉ። ማሳው ዳር ደርሼ የመጀመሪያውን ነዶ በገዛ እጄ አሠርሁ። ቀና ስል ባሌ ፊት ለፊቴ ቆሟል። እንደ ልማዱ የመኪናውን በር ከፍቶልኛል።

«ዝጋው» አልሁት።

ዘጋው። እኔም ወደ ሁለተኛው መስመር ዞርሁ።