ሳይታጠብ የተሰጠ ካፖርት

የባሌን ልብሶች ከቤት ያወጣችው ታላቅ እህቱ ናት። እኔ ዒዳ ላይ ነበርሁ፤ ባሏ የሞተባት ሴት ጊዜዋ እስኪያልቅ ደጅ አትወጣም። የባሌ እህት ግን እንደ ልቧ ትወጣለች፣ ትገባለች። አንድ ጠዋት ቁም ሳጥኑን ከፍታ ያለውን ሁሉ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጠቀጠቀችው።

«ካፖርቱን ተዪልኝ» አልኋት።

«ለሱ ሰደቃ ነው። ከአላህ የሚያገኘውን አጅር ልትከለክዪው ነው?»

«አልታጠበም እኮ።»

«የሚወስዱት ያጥቡታል። ደግሞ ለጨርቅ!»

ያላጠብሁት ሆን ብዬ ነው። ባሌ ሱቅ ሲውል ከአፉ ቅርንፉድ አይለይም ነበር፤ የካፖርቱ አንገትጌ እሱን እሱን ይል ነበር። አንሶላና ትራሱን ለቀስተኛ ስናስተኛበት ታጥቧል። የቀረኝ ያ ብቻ ነው። ይህን ለባል እህት እንዴት ብዬ ልንገራት?

ዒዳዬ ሲያልቅ መጀመሪያ የሄድሁት አዘዞ ነው። ካፖርቱ የደረሰው ከአዲ አርቃይ በኩል ተፈናቅሎ ለመጣ፣ ግንባታ ላይ ድንጋይ ለሚሸከም ሰው መሆኑን ጠይቄ አውቄአለሁ። ምትክ እንዲሆነው ከሱቃችን አዲስ ካፖርት ይዣለሁ።

ሚስቱ በር ላይ ተቀበለችኝ። ልለውጥ እንደመጣሁ ስነግራት ሳቀች።

«ምነው እትዬ፣ አሮጌ በአዲስ የሚለውጥ ነጋዴ ዛሬ ገና አየሁ!» ወደ ውስጥ ዞራ «አንተ፣ ና! ሸጋ ገበያ መጣልህ» አለች።

ሰውየው ካፖርቱን እንደለበሰ ወጣ። ትከሻው በሲሚንቶ ነጥቷል። አላቅማማም፤ አውልቆ ሰጠኝና በስስ ሸሚዝ ቀረ።

ሳላስበው አንገትጌውን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ሲሚንቶ፣ ላብ፣ የእንጨት ጭስ። ቅርንፉድ የለም።

ቀና ስል ሁለቱም ያዩኛል። የሴትዮዋ ሳቅ ጠፍቷል።

«እንሸታለን እንዴ?» አለች።

«ኧረ በአላህ! እንደሱ አይደለም...»

ባዕድ ወንድ ፊት ቆሜ የባሌን ገላ ጠረን ፍለጋ ነው የመጣሁት ልበል? ካፖርቱን መልሼ ዘረጋሁለት።

«ይውሰዱት እመቤቴ» አለ ሰውየው። «አጥበው ለንጹሕ ሰው ይስጡት።»

«አዲሱንስ?»

«ነገ መጥተው ሊያሸቱት?» አለች ሚስቱ።

አዲሱን ደጃቸው ላይ ትቼው ሄድሁ። አስፋልቱ ጋ ሳልደርስ ሰውየው ከኋላዬ መጥቶ መልሶ አስያዘኝ።

ሁለት ካፖርት ታቅፌ ስገባ የባሌ እህት ጮኸችብኝ፤ የሟች ሰደቃ እንዴት ይመለሳል ብላ።

አሁን ክረምት ገብቷል። ሌላ ሰው የሚሸት ካፖርት ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተሰቅሏል። ብርድ ሲበረታ ማሰብ የነበረብኝ ባሌን ነው፤ የሚመጣብኝ ግን ያ በሸሚዝ የቀረ ሰው ነው። ይህንን ለባሌ እህት ይቅር አልላትም።