እኩል ሰዓት፣ እኩል ያልሆነ ውሃ

በደሉ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። በአንድ ሞተር ለምንጠቀም ሦስት ቤቶች እኩል ሰዓት ተመድቦልን ሳለ፣ የጎረቤቴ በርሜል ሞልቶ ሲፈስ የእኔ ከወገቡ አያልፍም ነበር።

የሰዓቱን ደንብ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ጅግጅጋ ውስጥ የመስመር ውሃ እየጠፋ ሲያስቸግረን፣ የቢሮ ጸሐፊ የሆነው ጎረቤታችን ግቢ ውስጥ ካለው ቢርካ፣ ከመሬት በታች ከተሠራው ማጠራቀሚያ፣ ውሃ የሚስብ ሞተር በጋራ ገዛን። "ዘመድ የለም፣ ሹም የለም፤ ለሁሉም እኩል ግማሽ ሰዓት!" ብዬ የእጅ ሰዓቴን ሞተሩ አጠገብ ምስማር ላይ ሰቀልኩ። ከአራተኛ ክፍል ላቋረጠች ሴት ይህ ትልቅ ሕገ መንግሥት ነው።

ልጄ እኔ ቤት አራስ ስትሆን የውሃው ነገር ባሰ። የሕፃን ጨርቅ ተራ አይጠብቅም። በእኔ ተራ ሞተሩ ያቃስታል፣ ይግላል፤ ከቧንቧዬ የሚወጣው ግን የሽማግሌ ሽንት ነው፤ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ያስባል።

"ሌባ አለ" አልኩ። ጆሮዬን ቱቦው ላይ ለጥፌ አጥሩን ዞርኩ። ልጄ በመስኮት ሆና "እማዬ፣ ምን ይላል?" ብላ ሳቀችብኝ።

"አንቺን ያማል" አልኳትና፣ በእኔና በጸሐፊው መካከል ወደምትኖረው ሶማሌ ጎረቤቴ ሄድኩ። እኩያዬ ናት፤ "አባዮ" ትለኛለች፣ እህቴ ለማለት። ከመስመሬ ላይ ቀጥለሽ ትጠልፊያለሽ ብዬ ከሰስኳት።

"አባዮ፣ ቱቦሽ መቼ በግቢዬ አለፈና ነው የምሰርቅሽ?"

እውነቷን ነው። የሰው መሬት በስንዝር አልነካም፣ ነገ "ድንበር ገፋች" እንዳልባል ብዬ ቱቦዬን ግቢዋን አዙሬ በአጥሩ ጥግ ጥግ አስኬጄው ነበር። ሠራተኛው "እናቴ፣ ጎሚቶ ሲበዛ ሞተሩ ይደክማል፤ ቢያንስ ለዘብ አድርጌ ላጥፈው" ሲለኝ፣ የሰካራም መንገድ ይመስላል ብዬ በየማዕዘኑ በአንዴ የሚታጠፍ ጎሚቶ፣ ያንን ክርን የመሰለ መጋጠሚያ፣ አስገጠምኩት። በመጋዝ የቆረጠውን የቱቦ አፍ ከውስጥ በሞረድ ላለስልሰው ሲል ደግሞ "ውስጡን ማን ያየዋል?" አልኩት። ለካ ውሃው ያየዋል።

የሚያሳፍረኝ፣ ቀብሪበያ ገበያ ፍየል ስነግድ የኖርኩ ሴት መሆኔ ነው። ፍየሎች ማዕዘን ላይ ሲደርሱ እንደሚጋፉ፣ ባሉበት እንደሚዞሩ፣ ነጂውም ጉልበቱን ሁሉ እዚያው እንደሚጨርስ አውቃለሁ። ለውሃ ግን ማዕዘን በማዕዘን ላይ ደረደርኩለት።

ይህን ያኔ መች አሰብኩት! ሁለቱን ጎረቤቶቼን ሰብስቤ "የእኔ ሰዓት እጥፍ ይሁን!" አልኩ። ጸሐፊው "ሞተሩ ይቃጠላል፤ መብራቱም የጋራችን ነው" አለ። ጎረቤቴ ረጅም የውሃ ጎማዋን አመጣች። አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ አስገጥማ፣ በግቢዋ መሃል ቀጥ አድርጋ ዘርግታ፣ ሌላውን ጫፍ በአጥሩ ቀዳዳ ወደ በርሜሌ ላከችው። ሞተሩ ሲነሳ አላቃሰተም። ግማሽ ሰዓቱ ሳያልቅ በርሜሌ ሞልቶ እግሬን አራሰኝ።

"አያችሁ? መበደሌ ተረጋገጠ!" ብዬ ጮህኩ።

"ተረጋግጧል" አለች ጎረቤቴ። "በዳይሽም አጥሩን ተደግፋ ቆማለች።"

አጥሩን ተደግፌ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ልጄ ሕፃኑን ታቅፋ ከበር ላይ ሳቋን ለቀቀችው፤ ጸሐፊው ጨዋ ስለሆነ ፊቱን አዞረ።

እኔ ግን በዚህ የምረታ አይደለሁም። "እና በየቀኑ ጎማ ልትዘረጊልኝ ነው? ፍትሕ በውሰት አልፈልግም። ሰዓት ይጨመርልኝ!"

ጎረቤቴ ጎማዋን እየጠቀለለች መለሰችልኝ፦

"ሰዓት አይጨመርልሽም፣ አባዮ። ነገ ሠራተኛውን ጥሪው፤ ቱቦሽ በግቢዬ መሃል ቀጥ ብሎ ይለፍ። እሱ ሲቆፍር ግን አንቺ ቤትሽ ሆነሽ የልጅ ልጅሽን እጠቢ።"