ሁለቱ የአባቴ ፎቶዎች

ፕሪንተር ራሱን ሲያጸዳ የሚያሰማው፣ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ሲር ሲር የሚል ድምፅ በሰማሁት ቁጥር ኮልፌ ወደነበረችው የእናቴ ፎቶ ቤት ይመልሰኛል።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሰኔ ገብቶ የአባቴ ሙት ዓመት ተቃርቧል። እናቴ በወጣትነቱ የተነሳውን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ከሻንጣ አውጥታ፣ አንዱን ለኛ ሳሎን፣ ሌላውን አስኮ ለምትኖረው ለአባቴ እናት አሳድጋ ልታትም አሰበች። ዝናቡ ደንበኛ ሲያስቀርባት አጠገቧ አስቀምጣኝ ሥራዋን ታስረዳኝ ነበር፤ ተራው ፕሪንተር ግራጫን የሚሠራው ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቀላቅሎ ስለሆነ ብርሃን ሲያገኘው እንደሚለወጥ፣ ለብቻው ባስቀመጠችው ፕሪንተር የሞላችው፣ ከውጭ በሰው ያስመጣችው ግራጫ ቀለም ግን እንደማይለቅ ነገረችኝ።

«የአባባን በየትኛው ነው የምታትሚው?» አልኳት።

«በግራጫው ነው እንጂ፣ ሁለቱንም።»

ከትምህርት ቤት ስመለስ ፎቶዎቹ ፍሬም ገብተው ጠበቁኝ። «አንድ ናቸው» አለችኝ፣ መስታወቱን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች።

ክረምቱ አልፎ የበጋው ፀሐይ በሳሎናችን መስኮት መግባት ሲጀምር የአባቴ ጉንጭ፣ ቀጥሎም ነጭ ኮሌታው ቀስ በቀስ መልኩን ቀየረ። መስታወቱ ቆሽሾ መስሎኝ በእርጥብ ጨርቅ እወለውለው ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ሰሚራ ግን አንድ ቀን ትክ ብላ አይታው፣ «አባትሽ አረንጓዴ ሆኗል» አለችኝ፤ የማይለቅ ቀለም ነው ብዬ ስኮራ የከረምኩት እሷው ላይ ነበር።

ለፋሲካ አስኮ ሄድን። አያቴ ቤት ያለው የአባቴ ፎቶ ከበሩ ትይዩ፣ ብርሃን ላይ ተሰቅሎ፣ ልክ እንደታተመበት ቀን ጥቁርና ነጭ ነበር። የቀረበልኝን ሳልነካ ዋልኩና ታክሲ ውስጥ ስንገባ፣

«የኛው በተራው ፕሪንተር ነው የታተመው አይደል?» አልኳት።

እናቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ «ቀለሙ የቀረው ለአንድ ብቻ ነበር» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አንድ ናቸው አልሽኝ?»

«አያትሽ ልጃቸውን ነው ያጡት። አንቺ የራሴ ነሽ፣ ትችይዋለሽ ብዬ ነው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ፣ እናቴ የምትነግረኝን ሁሉ፣ ነገ ዝናብ ይዘንባል ብትለኝ እንኳ፣ ሄጄ የሰሚራን እናት ደግሜ እጠይቅ ነበር።

ዛሬ ፎቶ ቤቱን የምሠራው እኔ ነኝ፤ ግራጫ ቀለም ለማግኘትም ከውጭ የሚመጣ ሰው አልጠብቅም። ሰው የሟች ፎቶ ይዞ ሲመጣ ሁለቱንም ናሙና ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ይሄኛው ውሎ አድሮ ይለወጣል፣ ያኛው ይቆያል ብዬ ነግሬ ራሱ እንዲመርጥ እተወዋለሁ፤ ብዙዎቹ ተራውን መርጠው፣ ቅር ሳይላቸው ይሄዳሉ። እናቴም ያኔ ቀለሙ ለሁለት እንደማይበቃ ብትነግረኝ ኖሮ፣ ጥሩው ለአያቴ ይሁን የምላት እኔው ራሴ ነበርኩ።